ሦስቴ የተመለሰ ስንኝ

ፖርት ተውፊቅ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1994

ወንድሜ ረምዚ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደኅና ነን። ጉልበቴ ብቻ የራሱ ጌታ ሆኗል፤ ሲያሰኘው ይታዘዘኛል፣ ሳያሰኘው ደረጃ መሃል ላይ ጥሎኝ ይቆማል። ይህን ደብዳቤ ካንተ ቀድመው ለሚያነቡት ሹምም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ባለፈው ሳልጠቅሳቸው ቀርቻለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰው ቤት ገብቶ ባለቤቱን ሰላም አለማለት አባታችን አላስተማረንም።

የጠየቅኸኝን በተራ ልመልስ። ሚስትህ ሳፊናዝ ደኅና ናት፣ ልብስ ስፌቱን ቀጥላለች። ጣሪያው አላፈሰሰም። ናሪማን ዐሥር ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። አዎ፣ አሁንም አባቷ መርከበኛ ሆኖ ባሕር ላይ እንዳለ ነው የምታውቀው። አንተና ሳፊናዝ እንዳላችሁት በየወሩ ካንተ የመጣ አስመስዬ እጽፍላታለሁ። በዚህ ወር «ማሪካ» ላይ ነህ፣ ቦምቤይ ወደብ ቆማችሁ የሞተር ዕቃ እየጠበቃችሁ ነው፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አትንቀሳቀሱም። ዶልፊንም አይተሃል።

ስለ ዘፈኑ ጠይቀሃል። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የመረብ መጋዘኑን ሐሙስ ሐሙስ ለቀቀልኝ። ዐሥራ አንድ ልጆች አሉኝ። የአባታችንን ክራር፣ ያቺን ሲምሲሚያውን፣ ከግድግዳው አውርጄ ክሩን ቀየርኩለት፤ አንዱ መቃኛ አሁንም ይንሸራተታል። ዘፈን አላስተምራቸውም፤ ዘፈኑን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። አሠራሩ አባታችን ወደብ ላይ ሸክም ሲያወርድ ውሎ ከጓደኞቹ ጋር ይሠራበት የነበረው ነው። ክብ እንቀመጣለን። አንዱ ያየውን ወይም ሆዱ ውስጥ ያለውን በአንድ ስንኝ ያወጣል፣ ክቡ ተቀብሎ ይመልስለታል። ሦስቴ የተመለሰ ስንኝ የክቡ ነው፤ ማንም ከዘፈኑ አያወጣውም፣ እኔም አላርመውም። በስድስት ዓመትህ «ኢንሳፍ ሹሩባዋን ለፍየል አበላች» ብለህ ሦስቴ ተመልሶልህ እስክዳር ድረስ የተዘፈነብኝን መቼም አልረሳውም።

የአጥማጁ ልጅ ሐምዳን ምላሱ ይያዛል። እናቱ «እትዬ፣ እሱ እንኳ ይቅርብሽ፣ ያደክምሻል» ብላኝ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን ግማሽ ሰዓት ታግሎም ቢሆን «ያባቴ መረብ ተቀደደ፣ ዓሣው ስቆብን ሄደ» አለ። ልጆቹ ጮኸው ሲመልሱለት ራሱም አብሮ መለሰ፣ ሳይያዝ። ሌላዋ ደግሞ «ያያቴ ጥርሷ አለቀ፣ ብስኩቱ ሻይ ውስጥ ጠለቀ» ብላ አያቷ ተቀይመዋል። በየስንኙ መሃል «እለፊ መርከብ፣ እለፊ» እያልን እናገናኘዋለን። በጸደይ በዓል፣ በሸም አልነሲም ዕለት፣ ሕዝቡ ጨው ዓሣና ሽንኩርቱን ይዞ ሱዌዝ ቦይ ዳር ሣር ላይ ሲወጣ እንዘፍነዋለን።

ያንተዋ ናሪማን ምት ለመጠበቅ ማንኪያ ከማጋጨት በቀር አፏን አትከፍትም። አላስገድዳትም።

እህትህ ኢንሳፍ


ከዚህ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1994

እታለም ኢንሳፍ፣

ካልሲው ደረሰኝ። አይ፣ አልታመምኩም፤ ሳል ብቻ ነው፣ እዚህ የማይስል የለም። ሹሙ ሰላምታሽን ሲያነቡ ጢማቸውን ሲያሻሹ አይቻለሁ፣ ደስ ብሏቸዋል መሰለኝ።

ቦምቤይ ጥሩ ነው፣ እዚያው አቆይኝ። ዶልፊን ግን አታብዢ። እኔ ወደብ ላይ ሳለሁ ስለ እንስሳ ያወራሁበት ቀን የለም።

ከዚህ ቀደም መቼ ይነገራት ላልሽው፣ መልሴ ያው ነው። ከተፈረደብኝ ሦስት ዓመት ግማሹ አልቋል። ዐሥራ ስምንት ወር ዝም በሉልኝ። ስወጣ ሻንጣ ይዤ፣ ፀሐይ የመታው ሰው መስዬ እገባለሁ፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። እጅሽን እስማለሁ፣ ሌላ ነገር ለምኜሽ አላውቅም።

ማንኪያ ማጋጨቷ አይከፋም። እናቷም ዝምተኛ ናት።

ወንድምሽ ረምዚ


ፖርት ተውፊቅ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1994

ወንድሜ ረምዚ፣

ረመዳኑ እንዴት ይዞሃል? ለሹሙም መልካም ጾም። ይህን ደብዳቤ ሁለት ሳምንት አዘግይቼዋለሁ፤ ጀምሬ ስተወው፣ ጀምሬ ስተወው ከረምኩ። ይቅርታህን እለምናለሁ፣ ለመዘግየቴም ለሚከተለውም።

ረመዳን ከመግባቱ በፊት በነበረው ሐሙስ ናሪማን አፏን ከፈተች። እኔ ጎንበስ ብዬ ከዚያ ከሚንሸራተተው መቃኛ ጋር እታገል ነበር። ልጅቱ ማንኪያዋን መሬት ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለች፦

«ያባቴ መርከብ አለፈች በደጄ፣
ሰላምታ ሰጥቼ ተንጠልጥሎ ቀረ እጄ።»

ድምፅዋ ያማረ ነው፣ እኔም በቃ ያንን ነው የሰማሁት። «ጎሽ» አልኩ። ልጆቹ መለሱላት። ክሩ ገባልኝና እኔም ተቀብዬ መታሁ። ሦስተኛውን ሲመልሱ ነው ምን እንዳለች የገባኝ። እጄ ክሩ ላይ ቀረ።

ማታ ደብተሯን አየሁ። «ማሪካ፣ ሰማያዊ ጭስ ማውጫ፣ ፌብሩዋሪ 2፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን» ይላል። ከሥሩ በሌላ ቀለም «ሁለቴ አውለበለብኩ» ብላ ጽፋለች። ያን ዕለት እኔ ቦምቤይ አቁሜህ ነበር።

አየህ የሠራነውን? ማሪካን የመረጥካት አንተ ነህ፤ አንድ ክረምት ጭነት ስላወረድክባት ስሟ ባፍህ ነበር። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም እዚሁ ቦይ ዳር ተወልደን፣ እዚሁ ቦይ ዳር የመርከብ ስም ደብተር ላይ እየመዘገብን አድገን፣ የዚህ ሰፈር ልጅ መርከብን ከነቀለሟ እንደምትለይ ረሳን። አሌክሳንድሪያ ፋብሪካ ገባ ብንላት ይሻል ነበር። ካይሮ ብንላት ይሻል ነበር።

ለእኔ ምንም አላለችኝም፣ ለእናቷም። የተናገረችው ለክቡ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

ኢንሳፍ


ከዚህ፣ ማርች 6 ቀን 1994

እታለም፣

ምን አድርጊ እንደምልሽ እያወቅሽ ትጠይቂኛለሽ። ስንኙን ከዘፈኑ አውጪው። ሸም አልነሲም ዕለት ሱዌዝ ያለ ሰው ሁሉ ሣሩ ላይ ነው፣ ያ ሁሉ ሰው ልጄ ስለ እኔ ስትጠይቅ ይስማ? ሳፊናዝ ያን ቀን የት ትግባ?

ከዚያ ደግሞ ጻፊላት። ከማሪካ ወርጄ ሌላ መርከብ ላይ ገብቻለሁ በይ። ደብዳቤው ዘግይቶ ነው የደረሰው በይ። አንቺ ዘዴ አታጪም።

የአባታችንን ደንብ እንዳትጠቅሺብኝ። አባታችን ይህ አልደረሰበትም።

ተቆጥቼ ከሆነ ጾሙ ነው። ይቅር በይኝ። ግን አውጪው።

ረምዚ


ፖርት ተውፊቅ፣ ማርች 27 ቀን 1994

ወንድሜ ረምዚ፣

እንኳን ለዒዱ አደረሰህ። የላክንልህን ኩኪስ ቆጥረው እንደሰጡህ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሹሙ ሁለት ሦስቱን ወስደው ከሆነ ይባርክላቸው፣ የሳፊናዝ እጅ ነው።

ያልከውን ሁለቱንም አደረግሁ። ታናሼን መታዘዝ ካረጀሁ በኋላ ነው የጀመርኩት፣ እንዴት እንደሆነልኝ ስማ።

ደብዳቤውን ጻፍኩላት። «ሳምራ» የምትባል መርከብ ላይ አስገባሁህ። አነበበችውና «አክስቴ፣ ጭስ ማውጫዋ ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ። ቀይ አልኩ። «ባንዲራዋስ?» ባንዲራ አላሰብኩላትም ነበር። «አባባ የተሳፈረባትን መርከብ ባንዲራ አያውቅም?» ብላ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፋ በእጄ አስያዘችኝ። «አስቀምጪለት» አለችኝ፣ በትሕትና። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከእንግዲህ የማሳፍርህ መርከብ የለኝም ረምዚ።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ለልጆቹ «ይህችን ስንኝ ለዛሬ እንዝለላት» አልኳቸው።  የማንኪያው ድምፅ ቆመ። በመጨረሻ ሐምዳን ተነሣ። «እ-እ-እትዬ» አለኝ፣ «ሦ-ሦስቴ መልሰናል።» ልጁ ለመናገር የቱን ያህል እንደሚከፍል አውቃለሁ፣ ይህን ለማለት ከፈለ።  ናሪማን ተነሥታ ጫማዋን አደረገች፣ ማንኪያዋን ኪሷ ከትታ ወጣች። ሁለት ሐሙስ ሆነ፣ አልተመለሰችም። ሌሎቹ ይመጣሉ፣ ክብ ይቀመጣሉ፣ አይዘፍኑም። «እለፊ መርከብ» ስላቸው ያዩኛል።

አባታችን ያንን ሲምሲሚያ ሲሰጠኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክቡን አትዋሺ አለኝ። ዋሸሁት። አፍሬያለሁ።

አምስት ሳምንት ቀርቶናል። ንገራት። እኔ አልነግራትም፣ ሳፊናዝም አትነግራትም። አባቷ አንተ ነህ።

ኢንሳፍ


ከዚህ፣ ኤፕሪል 7 ቀን 1994

እታለም ኢንሳፍ፣

ስለ ምግቡ ሁሌ ለምትጠይቂኝ፣ ምስር ነው፣ አንዳንዴ ፉል። ሳሉ ቀንሷል። ብርድ ልብስ ጨምረውናል። ከአጠገቤ የሚተኛው ሽማግሌ ወጣ፣ ቦታው ላይ ገና ሰው አልተካም። ጫማ መስፋት እየተማርኩ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ወደ ነገሩ ላለመድረስ እንደሆነ ገብቶሻል። ከልጅነቴ ታውቂኛለሽ።

ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ለማንም አልተናገርኩትም። ያን ዕለት ሁለት ቀን ሳልተኛ ነው የጭነት መኪናውን ያሽከረከርኩት። አንድ ጉዞ ልጨምር ብዬ። ሰውየው የዳቦ መደርደሪያ በራሱ ተሸክሞ በብስክሌት የሚሄድ ነበር፣ ታውቂያቸዋለሽ፣ ባንድ እጃቸው የሚነዱት። ስነቃ ዳቦው መንገዱን ሞልቶታል። ሰዎች ሮጠው መጡ፣ ዳቦውን እንዳይረግጡ እየዘለሉ። ያ ነው ትዝ የሚለኝ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ስሙን ፍርድ ቤት ሲጠሩ ሰማሁ፣ ከዚያ ወዲህ በአፌ ብዬው አላውቅም።

እስር ቤት መሆኔን እንዳታውቅ አይደለም የፈራሁት። ለምን እንደገባሁ ነው። ልጄ ሰው ገደለ ከምትለኝ ባሕር ላይ ቀረ ብትለኝ ይሻለኛል። እንግዲህ የፈራሁትን አወቅሽው።

ወንድምሽ


ፖርት ተውፊቅ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1994

ረምዚ፣

አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ይህን ጻፍኩ፣ ስለዚህ ሰላምታዬ አጭር ነው። ሹሙም ለዛሬ ይቅር ይበሉኝ።

ሰው ገደለ እንዳትለኝ ፈራሁ ትላለህ። አሁን ምን እያለችህ እንደሆነ ልንገርህ? ምንም። ስምህን ማንሣት ትታለች። ትናንት ጎረቤት «አባትሽ ጻፈልሽ ወይ?» ሲሏት «የቤት ሥራ አለብኝ» ብላ ገባች። መርከብ መመዝገቡንም ትታዋለች፣ ደብተሩ አልጋ ሥር ነው። ባሕር ላይ የቀረ አባት እንኳ ይለቀስለታል። አንተ ግን ባንድ ቀን መንገድ ላይ በሕይወት ቁጭ ብለህ ልጅህ እየረሳችህ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ሳትነግራት ቢጠራ የሚጠራው ባንተ ላይ ነው። ነግረሃት ብትጠላህ እንኳ የምትጠላው አባት ይኖራታል።

ረጅም ደብዳቤ አትጻፍላት፣ ደብዳቤ አታምንም፣ ለዚያም ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ስንኝ ላክ። አባታችን ሆስፒታል በተኛበት ክረምት ከክቡ ቀርቶ አያውቅም፤ ስንኙን በእኔ አፍ ይልክ ነበር፣ ጓደኞቹም እሱ እንዳለ ቆጥረው ይመልሱለት ነበር። ልጅህ ክቡ ውስጥ ጠይቃሃለች። ክቡ ውስጥ መልስላት፣ በራሷ ቤት መምቻ።

ኢንሳፍ


ከዚህ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1994

እታለም፣

ስንኝ መሥራት ከጭነት መኪና ይከብዳል። ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ አልነግርሽም፣ ወረቀት እዚህ በልመና ነው።

የጻፍኩትን ሹሙ አንብበው አስጠሩኝ። ይቀሙኛል ብዬ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ስንኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱንማ አያለሁ። ለማን ነው?»

«ለልጄ። ትዘፍነዋለች።»

ደግመው አነበቡት። «ሁለተኛው ረዝሟል» አሉኝ። «ልጅ ናት፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አሳጥረውና አምጣ።» አሳጥሬ ወሰድኩላቸው። ማኅተማቸውን መቱበት። ከዚያ ወዲህ ስለ አያትየዋ ጥርስና ብስኩት የሚለውን ሲያንጎራጉሩ ሁለቴ ሰምቻቸዋለሁ፤ ይህንንም አሁን ስለሚያነቡት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይኸው፦

«መርከብ ላይ የለሁም ልጄ፣
ታስሮ ነው ያልመለሰልሽ እጄ።»

መጀመሪያ ለእሷ ብቻ፣ ብቻዋን አሳዪያት። የምትጠይቅሽን ሁሉ ንገሪያት፣ ዳቦውንም። ሰው ፊት ይዘፈን አይዘፈን የምትወስነው እሷ ናት። ሰፈሩ እንደሆነ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፣ የሚደነቅ የለም። ሳፊናዝን አንቺ አስረጂልኝ፣ እኔ አልችልም።

መልሱን ቶሎ ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን።

ረምዚ


ፖርት ተውፊቅ፣ ሜይ 4 ቀን 1994

ወንድሜ ረምዚ፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለሹሙ፤ ስላሳጠሩት አመሰግናለሁ በልልኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ትንፋሽ ያጥር ነበር።

ከሳፊናዝ ልጀምር። ስነግራት «እትዬ፣ ከቤቴ ውጪልኝ» አለችኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ ክፉ ተናግራኝ አታውቅም። ወጣሁ። አልተቀየምኳትም፤ ወደ ሁለት ዓመት በሐሰት የመርከበኛ ሚስት ሆና ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት።

ናሪማንን መጋዘኑ ውስጥ መረቦቹ ላይ አስቀምጬ ወረቀትህን ሰጠኋት። አነበበችው። ማኅተሙን በጣቷ ነካችው። «የት ነው ያለው?» አለች፣ ነገርኳት። «ምን አድርጎ?» አለች፣ ያልከኝን ሁሉ ነገርኳት፣ ዳቦውንም።  ከዚያ «ብርድ ነው እዚያ?» አለች። ብርድ ልብስ ጨምረውለታል አልኳት። ያኔ አለቀሰች። እስኪወጣላት ተውኳት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ብዙ ነበራት። ሲበቃት አፍንጫዋን በቀሚሴ ጠርጋ «ሐሙስ እመጣለሁ» አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት መጥታ ቦታዋ ተቀመጠች፣ ስንኝህን ራሷ ለክቡ አለችው። ልጆቹ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ መለሱ። ሲያልቅ ሐምዳንን «አልገረማችሁም?» አልኩት። «እ-እናውቅ ነበር እኮ» አለኝ። «ሁላችንም። እሷ ብ-ብቻ ናት ያልተነገራት። ለዚያ ነው ያን ቀን ጮ-ጮኸን የመለስንላት።» እኔ መቃኛ ሳጠብቅ እነሱ የሚመልሱትን አውቀው ነበር የሚመልሱት። ክቡን እመራለሁ እያልኩ ነው ይህን ያህል ጊዜ።

ሸም አልነሲም ዕለት ሣሩ ላይ እግር ማሳረፊያ አልነበረም። ሳፊናዝ መጥታለች፣ ግን ጀርባዋን ሰጥታን ዓሣ ትልጣለች። ልጆቹ መረቡን ዘፈኑ፣ ጥርሱን ዘፈኑ፣ ሰው ሳቀ። ናሪማን የራሷን ስንኝ ስትል ሳቁ ቆመ። ያንተን ስትል ሻይ ሻጩ እንኳ ቆመ። ልጆቹ መለሱ፣ አንድ። ደገሙ፣ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ከኋላ አንድ የትልቅ ሰው ድምፅ ገባ፣ ቅጥ የሌለው፣ ከልጆቹ የዘገየ። ዞርኩ። ሳፊናዝ ናት። ዓሣውን እንደያዘች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን፣ «ታስሮ ነው ያልመለሰልሽ እጄ» ትላለች።

እንግዲህ ሦስቴ ተመለሰ። ማንም አያወጣውም።

ለዒድ አልአድሃ ቤተሰብ እናንተን ለመጠየቅ እንደሚገባ ሰማሁ። ሳፊናዝ የመጓጓዣውን ዋጋ ጠይቃለች። ናሪማን ከአልጋ ሥር ደብተሯን አውጥታለች። ምን እንደምትልህ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

እህትህ ኢንሳፍ


ከእስር ቤት፣ ሜይ 25 ቀን 1994

እታለም ኢንሳፍ፣

መጥተው ሄዱ። ሦስት ቀን ሆነ፣ ዛሬ ነው መጻፍ የቻልኩት።

መሃላችን የሽቦ አጥር አለ፣ ዘበኛ አለ፣ ጩኸት አለ። ሳፊናዝ እያለቀሰች ስለ ጣሪያው ነገረችኝ። ናሪማን አላለቀሰችም። ቁመቷን ነግረሽኝ ነበር፣ አላመንኩሽም ነበር።

ደብተሯን ገልጣ ማሪካ ያለፈችበትን ቀን አሳየችኝ። ከዚያ «ዶልፊኖቹ የማን ነበሩ?» አለችኝ። የአክስትሽ አልኳት። «አውቄያለሁ» አለች፣ «አንተ ብትሆን ትልቅ ዓሣ ነበር የምትለው።» ሳቅሁ። እዚህ ቤት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፣ ዘበኛው ዞር ብሎ አየኝ።

ቀጥላ ግን «የዳቦው ሰውዬ ስሙ ማነው?» አለች። አንቺ ሁሉን ነግረሻታል፣ ይህን ግን ስላልነገርኩሽ አታውቂውም። ምላሴ ተያዘ፣ እንደዚያ እንደ ሐምዳንሽ። ታገሰችኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሬ «ፋራግ» አልኩ። «ፋራግ» ብላ ደገመችው። ከመርከቦቹ ጋር አልጻፈችውም፤ ወደ መጨረሻው ገልጣ ባዶ ገጽ ላይ ጻፈችው። እኔም እያየሁ ሌላ ጊዜ ደገምኩት። እናት እንዳለው አውቃለሁ። ስወጣ መጀመሪያ የማንኳኳው በር የሷ ነው፤ ልጄ አብራኝ እንደምትሄድ ነግራኛለች፣ ሳልጠይቃት።

ደወል ተደወለ። ሳፊናዝ እጇን ይዛ ወሰደቻት። በሩ ላይ ሲደርሱ ናሪማን እጇን ከእናቷ እጅ አላቅቃ ዞረች።  ቀኝ እጇን አነሣች፣ እንደዚያው ተንጠልጥሎ ቆየ፣ እያየችኝ።

እኔም አነሣሁላት።

ወንድምሽ ረምዚ